«ቤት ስለምውል ስራ ፈት መሰልኳቸው»

ሰላም ናችሁ? የዛሬው ደብዳቤ ከደሴ ነው፣ ረዘም ስለሚል ቆርጬ ዋና ዋናውን ላስቀምጠው።

«ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ተከራይቼ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው፣ አከራዬ ጂዳ ናት። ስራዬ ኦንላይን ነው፣ አሜሪካ ላለ ድርጅት ደንበኞች አናግራለሁ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 4 አካባቢ። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ ወንድሜ ሲያጠና ማውራት አልቻልኩም፣ ስለዚህ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጠረጴዛ አወጣሁ። አሁን ከጎኔ ያሉት እማማ መተላለፊያ ዘጋችብን ብለው ለኮሚቴ ነገሩ። ልጆቹ እዛው ኮሪደር ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ቡና ሲጠሩኝ ስራ ላይ ነኝ ስላልኩ ኮራች ተብያለሁ፣ በዛ ላይ ቀን ቀን ቤት ስለምውል ስራ ፈት መሰልኳቸው መሰለኝ በርበሬ ጠብቂልን፣ ልጅ ያዢልን፣ ውሃ ሲመጣ ሮቶ ሙይልን ይሉኛል። ግቢያችን ያለው ኮሚናል (የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ላይ አንድ ክፍል አለች፣ የእድር ወንበርና ድስት ነው የተከመረባት። እኔና እንደኔ ኦንላይን የሚሰሩ ሶስት ልጆች የስራ ክፍል ብናደርጋት ብለን ነበር፣ ኮሚቴው ግን ለሱቅ ሊያከራያት ነው ይባላል። ቤት ልቀይር ወይስ ልታገል?» ግራ የገባት፣ ከደሴ።

ግራ የገባሽ እህቴ፣ አብሽሪ። ቤትም አትቀይሪ፣ አትታገይም። የትኛውም ብሎክ ብትሄጂ ኮሪደር ላይ ኳስ የሚመታ ልጅና ቡና ፈላ ብሎ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ይጠብቅሻል፣ ተጨማሪ የሚሆንብሽ የእቃ መጫኛ ወጪና አዲስ ኪራይ ብቻ ነው።

ደብዳቤሽ ላይ ጠረጴዛው፣ ቡናው፣ ክፍሏ እያልሽ ሶስት ፀብ ለያይተሽ ነው የፃፍሽው፣ እኔ ግን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፣ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ስራሽ ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ አያውቅም። እኛ ሀገር ስራ ያለው ሰው ጠዋት ለብሶ ይወጣል፣ ፒያሳ ሱቁን ይከፍታል ወይ ሰርቪስ ጠብቆ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይወርዳል፣ ማታ ደክሞት ይገባል፣ ያኔ ማንም ልጅ ያዝልኝ አይለውም። አንቺ ደግሞ በነጠላ ጫማ ጋቢ ደርበሽ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠሽ ነው የሚያዩሽ፣ ፊልም እያየሽ ይሁን ደሞዝ እየሰራሽ በምን ይወቁ?

ሰዓቱ ራሱ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ኒውዮርክ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ደሴ ከቀኑ 10 ነው፣ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 11 ይሆናል፣ የካቲት መጨረሻ መጋቢት መግቢያ ላይ እንደገና ወደ 10 ይመለሳል (ይሄን ለጎረቤት ካላስረዳሽ ህዳር ላይ «አንዴ 10 አንዴ 11 ትላለች፣ ውሸቷን ነው» መባልሽ አይቀርም)። ያ ማለት ስራ የምትገቢው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አዋቂው ከስራ ሲገባ፣ ምጣድ ሲሰካ፣ የማታው ቡና ሲቆላ ነው። ግቢው በሙሉ የሚነቃበት ሰዓት ላይ አንቺ ፀጥታ ትፈልጊያለሽ። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር የለም፣ ሰዓታችሁ ነው የተጋጨው፣ ስለዚህ መፍትሄውንም ከሰዓት ነው መጀመር ያለብሽ።

ጥሩው ነገር ግን ጠዋትሽ ባዶ ነው። ስለዚህ ቡና ሲጠሩሽ እምቢ ከማለት አንቺ ቅደሚያቸው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አፍይና ጥሪያቸው፣ ፈንዲሻ ይኑር፣ አድሩሱን አጭሽ፣ ሲሆን ሲሆን ኮሪደሩ ላይ ሳይሆን ቤትሽ ውስጥ አድርጊው፣ ቤቱ አንድ ክፍል እንደሆነና የወንድምሽ ፍራሽ የት እንደሚዘረጋ በአይናቸው ይዩት። እዛ ላይ ስራሽን ንገሪያቸው፣ ላፕቶፑን ከፍተሽ አሳዪያቸው፣ ይሄን ሄድሴት ካደረግኩ ከሰው ጋር እያወራሁ ነው፣ በሩ ላይ ይቺን ቀይ ጨርቅ ካሰርኩ አታንኳኩብኝ፣ ከ10 ሰዓት በፊት ግን የናንተው ነኝ በያቸው። ደሞዝሽን መጥራት አይጠበቅብሽም፣ ግን የቤት ኪራዩ የሚከፈለው ከዚህ እንደሆነ ይግባቸው። የወሎ እናት ልጅ እንጀራዋን እየጋገረች ነው ካሉ ለማንም አፍ አይሰጡም፣ ጭራሽ ልጆቹን እነሱ ራሳቸው ያባርሩልሻል።

ማታ የተጠራሽ ቀን ደግሞ እረፍት ካለሽ ለአንድ አቦል ብቅ በይ። እኛ ጋ ሳይመረቅ ጥሎ መነሳት ደስ አይልም፣ አውቃለሁ፣ ግን ቶናውም በረካውም እስኪወርድ መቀመጥ ካልቻልሽ «መርቁኝና ወደ ስራዬ ልግባ» ብሎ መነሳት ነውር የለውም፣ ዱዓ ተደርጎልሽ ትሄጃለሽ። ኮራች ያሰኘሽ አለመቀመጥሽ ሳይሆን በበሩ ቀዳዳ «ስራ ላይ ነኝ» ብለሽ መመለስሽ ይመስለኛል።

ልጅ ያዢ ሮቶ ሙዪ የሚሉሽን በተመለከተ ሶሻል ሚዲያው ላይ ያለው ምክር ሁሉ «እምቢ በይ፣ ድንበርሽን አስምሪ» ነው፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ቀን ቀን ግቢ ውስጥ ያለ ሰው እኮ ለብሎኩ ትልቅ ነገር ነው፣ ውሃ መጣ የሚል፣ የማይታወቅ ሰው ሲገባ ማነህ የሚል፣ አንድ አዛውንት ቢወድቁ የሚደርስ። ጠዋት ላይ ሮቶ መሙላት ምንም አይጎዳሽም፣ አድርጊው። የሰጠ ሰው መጠየቅ አያፍርም፣ ነገ ክፍሏን ስትጠይቂ ይሄ ይታወስልሻል። ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ዋጋው ይለያል፣ እዛ ላይ ፍንክች እንዳትዪ፣ ልጅ መያዝ ደግሞ ስራ ሰዓት ላይ በፍፁም፣ ደንበኛ እያናገርሽ ህፃን ደረጃ ላይ ቢወድቅ ማን ነው የሚጠየቀው።

አሁን ጠረጴዛው ጋ ስንመጣ ትቆጪያለሽ ግን እማማ ልክ ናቸው። ኮሪደርና ደረጃ የመውጫ መንገድ ነው። የኛ ኮንዶሚኒየም ብዙ ጊዜ ሊፍት የለውም፣ ምጥ የያዛት ሴት የምትወርደው፣ በሽተኛ በቃሬዛ የሚወጣው፣ ጀናዛ የሚሸኘው፣ እሳት ቢነሳ ሰው የሚሮጠው በዛች አንድ ኮሪደር ነው። ጠረጴዛ ላይ ወንበር ሲጨመር ከበር ስር የመጣ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ደግሞ መሬት ላይ ሲጋደም በጨለማ አንድ ሽማግሌ እንደሚጥል ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ሌላም አለ፣ ስክሪንሽ ላይ የሰው ስም፣ ስልክ፣ ምናልባት የካርድ ቁጥር ይኖራል፣ አላፊ አግዳሚ የሚያየው ቦታ ላይ መስራት ብዙ የደንበኛ አገልግሎት ኮንትራት ላይ የተከለከለ ነገር ነው፣ ያንቺንም አንብቢው። ስለዚህ ኮሚቴው ደብዳቤ እስኪፅፍልሽ አትጠብቂ፣ ዛሬ ማታ አንሺው፣ አንስተሽ ዝም አትበይ ደግሞ፣ በራቸውን አንኳኪና «እማማ ልክ ነዎት፣ አንስቼዋለሁ፣ ይቅርታ» በያቸው። ኋላ እኚህ ሴትዮ ያስፈልጉሻል።

ክፍሏ እስክትገኝ ቤት ውስጥ የምትችይው ነገር አለ። አናጢ ጠርተሽ ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የምትሰቀል ጣውላ አሰሪ፣ ስትጨርሺ ታጥፊያታለሽ፣ ቦታ አትይዝም። በረንዳ አላልኩሽም፣ ምክንያቱም ደሴ ነው ያለሽው፣ ፀሀይዋ ከሰዓት በኋላ የጦሳን ተራራ አልፋ ቶሎ ትጠልቃለች፣ ያንቺ ስራ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ በረንዳው ጥላና ብርድ ይሆናል፣ ክረምት ላይማ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ኮምቦልቻ ብትሆኚ ሌላ ነገር እመክርሽ ነበር፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስትዪ አየሩ ይለወጣል፣ እዛ ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር አግዳሚና ጠረጴዛ አድርገው ማታ ድረስ መስራት ይችላሉ፣ እንዲያውም የኮምቦልቻ ሰዎች ይሄን የምታነቡ ካላችሁ ስለ ክፍል ከመጣላታችሁ በፊት ጥላ ያለውን ቦታ እዩት። አንቺ ግን ከብርድ ሽሽት ከሰል አቀጣጥለሽ በር ዘግተሽ እንዳትሰሪ አደራ፣ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም አይሸትም፣ ራስ ምታቱን ድካም ነው እያልሽ ነው የሚወስድሽ።

ድምፁን በተመለከተ አብዛኛው የሚገባው በግድግዳው ሳይሆን በበሩና በበሩ ስር ባለው ክፍተት ነው። ስፖንጅ ወይ የተጠቀለለ ጨርቅ በበሩ ርዝመት አድርጊበት፣ ከበሩ ጀርባ ወፍራም መጋረጃ ስቀዪ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ አንጥፊ፣ ድምፅ ባዶ ግድግዳና ወለል ላይ ነው እየነጠረ የሚያስቸግረው። ማይኩ አፍ አጠገብ የሚመጣ ባለ ገመድ ሄድሴት ግዢ፣ ዙምም የጀርባ ጫጫታ መቀነሻ አለው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ከፍ አድርጊው። ኳሱ ግን በምንም አይጠፋም፣ ለኳሱ መድሀኒቱ ልጆቹን ማነጋገር ነው፣ ከ10 እስከ 12 ታች ሜዳው ላይ ተጫወቱልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ላፕቶፕ አሳያችኋለሁ ብትያቸው ከናታቸው በላይ ይሰሙሻል።

አሁን ክፍሏ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ ስሚኝ።

አራታችሁ «የስራ ክፍል እናድርጋት» ብላችሁ ከሄዳችሁ ትሸነፋላችሁ፣ መሸነፍም አለባችሁ። ኮሚናል የተሰራው እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ በግ እንዲታረድበት፣ ለቅሶና ድግስ እንዲቀመጥበት ነው፣ ለአራት ወጣት ቁልፍ ሲሰጥ ማን ዝም ይላል። ሱቅ የሚከራየውም ሰው እናንተም በእነሱ አይን አንድ ናችሁ፣ የሁሉን ነገር ለጥቂት ሰው። ስለዚህ ክፍሏን አትጠይቁ፣ ሰዓት ጠይቁ። «ከሰኞ እስከ አርብ ከቀኑ 10 እስከ ማታ 4 እንጠቀምባት» ማለት ሌላ ነገር ነው፣ ሌላው ሰዓት የሁሉም ነው፣ ወንበሩም ድስቱም እዛው ይቆያል። የአይጠየፍ አዳራሽ (የንጉሥ ሚካኤል የግብር ቤት) ያለበት ከተማ ሰው በጋራ ቤት ተራ መያዝን ማንም አያስተምረውም።

ግን አንደኛ፣ እድሩን በቃላት ብቻ ሳይሆን በተግባር አስቀድሙ። ለቅሶ ሰዓት አይመርጥም፣ ጀናዛ ደግሞ አይቆይም፣ ጠዋት ያረፈ ሰው ከሰዓት ሊቀበር ይችላል፣ ወንበሩ በደቂቃ መውጣት አለበት። ያ ቀን ቁልፉ እናንተ ጋ ሆኖ ቁልፍ የያዘው ልጅ ዙም ላይ ቢሆንና በር ሲደበደብ ባይሰማ፣ በቃ ያቺ ክፍል ለዘላለም ሄደች። ስለዚህ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ይቀመጥ፣ ለቅሶ ወይ ሰደቃ ወይ የግቢ ስብሰባ ካለ ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ እናንተ ትወጣላችሁ ተብሎ ይፃፍ፣ ወንበሩን አንዱ ግድግዳ ላይ ደርድራችሁ ለድስቱ መደርደሪያ በራሳችሁ ወጪ አሰሩ፣ ጠረጴዛችሁ የሚታጠፍ ይሁን። እንዲያውም ክፍሏን መጀመሪያ አፅዱላቸው፣ ድስቱን ቁጠሩላቸው፣ የተሰበረውን ወንበር አስጠግኑ፣ ከዛ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው።

ሁለተኛ፣ ክፍሏ ለአራታችሁ ብቻ አትሁን። ብሎኩ ላይ በርግጠኝነት ማትሪክ የሚወስድ ልጅ አለ፣ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን እየጮኸበት የሚያጠና፣ ወንድምሽን ጨምሮ። በ2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና የጀመሩና በላፕቶፕ እጦት ያቆሙም አይጠፉም፣ ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ኦንላይን ነው፣ የሚያስፈልገው ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ፀጥ ያለ ቦታ ነው። ቀን ላይ የነሱ ይሁን፣ ማታም ዝም ብሎ የሚያጠና ልጅ ጥግ ላይ ቢቀመጥ ምንም አይላችሁም። ያኔ ኮሚቴው ውስጥ ያለው አባት ሁሉ የራሱን ልጅ እያሰበ ነው ድምፅ የሚሰጠው።

ሶስተኛ «መብራታችንን ይበላሉ» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ለሱ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ላፕቶፕ ወደ 60 ዋት ነው የሚወስደው፣ አራታችሁ ስድስት ስድስት ሰዓት ብትሰሩ በቀን 1.5 ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፣ ለአንድ ሰዓት ሲግል ብቻ እናንተ አራታችሁ ሁለት ቀን ሙሉ ከምትጠቀሙት ይበልጣል። ይሄን ስትናገሪ ግን ምጣድ የሚሰኩትን እናቶች እንደ ጥፋተኛ እንዳታስመስይ፣ ስቀሽ ተናገሪው። ለማንኛውም ክርክሩ እንዲዘጋ ለክፍሏ ለብቻ ትንሽ ቆጣሪ ይግባ፣ የቆጠረውን እናንተ ትከፍላላችሁ። መስመሩም ከምጣዱ መስመር ይለይ፣ አንድ ምጣድ ብቻ ወደ 16 አምፒር ይወስዳል፣ ሁለት ሲሰካ ብሬከሩ ይዘልና አንቺ ደንበኛ እያናገርሽ ትጠፊያለሽ፣ ይሄን ደግሞ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይስራው እንጂ የሰፈር ጎበዝ አይነካካው።

ኢንተርኔቱ ቀላል ነው፣ አንድ መስመር በአንዳችሁ ስም አስገቡና ክፍያውን ለአራት ተካፈሉ፣ ለተማሪዎቹ የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻ ክፈቱ፣ የናንተን ፓስወርድ ለማንም አትስጡ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ የሚጠፋው ራውተሩ ነው፣ ለሱ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ ባትሪ አለ፣ ለተወሰነ ሰዓት ይይዛል።

ሱቁን ደግሞ እንደ ጠላት አትዪው። ኮሚቴው ብር ስለቸገረው ነው፣ የጥበቃ ደሞዝ አለ፣ የደረጃ አምፖል አለ፣ የሮቶ ጥገና አለ፣ መዋጮ የማይከፍል ደግሞ ሞልቷል። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ በወር ይሄን ያህል እንከፍላለን በሉ፣ ሱቅ ከሚከፍለው ማነሱ አይቀርም ግን ሱቅ ክፍሏን ሌሊትና ቀን ይዞ የእድሩን እቃ አውጡልኝ ይላል፣ እናንተ አትሉም፣ ልዩነቱን ይመዝኑት።

አሁን ደስ የማይልሽ ነገር ልንገርሽ። ከ1995ቱ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ (ቁጥር 370/1995) ጀምሮ የጋራ ቦታ የሁሉም ቤት ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው፣ ሰብሳቢው ወይ ኮሚቴው ብቻውን ተነስቶ የራሱ ሊያደርገው አይችልም፣ የሚወስነው በመተዳደሪያ ደንቡ መሰረት የማህበሩ አባላት ናቸው። ይሄ ለናንተ ጥሩ ነው። መጥፎው ግን የማህበሩ አባል ባለቤቷ እንጂ ተከራይዋ አይደለችም፣ አንቺ መናገር ትችያለሽ፣ ድምፅ ግን የአከራይሽ ነው። ስለዚህ ጂዳ በኢሞ ደውዪላት፣ ቤቷን እንደማታበላሺ፣ ክፍሏ ከተስተካከለች የሷ ስቱዲዮ ራሱ ተፈላጊ እንደሚሆን አስረጂያት (ኪራይ እንዳትጨምርብሽ ግን ይሄኛውን ለስለስ አድርገሽ)። ውክልና የሰጠችው ወንድም ወይ አጎት ደሴ ካለ እሱ ይምጣ፣ የድምፅ መልእክት ስብሰባ ላይ ብታሰሚ አይቆጠርልሽም። ደንቡንም ከኮሚቴው ጠይቃችሁ አንብቡ፣ ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ እዛ ላይ አለ።

ሀሳቡን ስብሰባ ላይ የምታቀርቢው ግን አንቺ አትሁኚ። እማማ ያቅርቡት። አዎ፣ ያው የከሰሱሽ እማማ። ጠረጴዛውን ካነሳሽላቸው፣ ቡና ካጠጣሻቸው፣ የድስቱን ቆጠራ አብረሻቸው ከሰራሽ በኋላ «እማማ እርስዎ ቢናገሩልን ይሻላል፣ እኛን ማን ይሰማናል» በያቸው። ትልቅ ሰው ተነስቶ «ልጆቹ ይስሩበት» ሲል ሰብሳቢው ጋሼም ቢሆኑ መቃወም ይከብዳቸዋል። የምትጠይቁት ደግሞ ለሶስት ወር ሙከራ ይሁን፣ ሁሌም የኛ ትሁን አትበሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈረም።

እምቢ ካሉስ? እምቢ ሊሉ ይችላሉ፣ ያኔ አራታችሁ ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ብር ሰብስባችሁ ግቢው ውስጥ ከሚከራዩ ቤቶች አንዱን በጋራ መያዝ ያዋጣችሁ እንደሆነ አስሉት፣ ካፌ ግን አልመክርሽም፣ በየሰዓቱ ማኪያቶ እያዘዝሽ ከጀርባሽ ሙዚቃ እየጮኸ ደንበኛ ማናገር አይሆንም።

የስብሰባውን ሰዓት ደግሞ ከአሁኑ ያዢ። የግቢ ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሰው ከስራ ሲገባ 12 ሰዓት ላይ ነው፣ አንቺ በዛ ሰዓት ሄድሴት አድርገሽ ደንበኛ ላይ ነሽ፣ «ክፍል ጠየቀች፣ ራሷ ግን አልመጣችም» ይባልልሻል። እሁድ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ዙህር ሳይደርስ ይሁንልን ብለሽ ለጋሼ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።